በደኖ ከሰል ከመሆኑ በፊት ይታወቅ

የግብርና ሥራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የሚታረሰው፣ የሚዘራውና የሚታጨደው ነው። ዛፍ የሚነሳው በክረምቱ የችግኝ ተከላ ሰሞን ሲሆን፣ ያኔም ተቆጥሮ በሪፖርት የሚሰፍረው አዲስ የተተከለው እንጂ ማንም ሳይተክለው በቅሎ፣ ማንም ሳያጠጣው አድጎ በማሳው ዳር የቆመው አይደለም። እንዲህ ቆመው ከማይቆጠሩት የቆላ ዛፎች አንዱ በደኖ ነው።

በደኖ በአማራ ክልል ምዕራብ በመተማ፣ በቋራና በታች አርማጭሆ፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር በሚያዘቀዝቁት ቆላዎች ይገኛል። በአንዳንድ አካባቢ ጉዛ ይሉታል። አረንጓዴ ረጃጅም እሾህ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ከ10 ሜትር የማይበልጥ፣ ሥሩን ወደ ታች አርቆ የሚሰድ ዛፍ ነው። ከ1,800 ሜትር ከፍታ በታች ባሉ፣ ዝናብ በሚያንሳቸው ቦታዎች ይስማማዋል። ጥቁር አፈርም ሆነ አሸዋማ መሬት አይመርጥም። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በሚቆምበት የበጋ ወር እርሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። የሳይንስ ስሙ ባላኒቴስ ኤጂፕቲያካ ነው፤ ፈረንጆች የበረሃ ቴምር ይሉታል። ሱዳኖች ዛፉን ሂግሊግ፣ ፍሬውን ላሎብ ብለው ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የተዋጉበት የነዳጅ መስክ ሂግሊግ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ ሁለት ባሕርያት አሉት። አንደኛው፣ ፍሬውም በፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም ይበላል፤ ከዘሩም የምግብ ዘይት ይወጣል። ሁለተኛው፣ ቅርፊቱ፣ ሥሩና ፍሬው ዓሣንና ቀንድ አውጣን የሚገድል መርዝ ይይዛሉ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ወይ ዛፉን ይንቀዋል፣ ወይ ያለ ጥንቃቄ ይጠቀምበታል። ሁለቱንም የማያውቅ ደግሞ በመጥረቢያ ጥሎ ያከስለዋል። በብዙ ቆላማ ወረዳዎች እየሆነ ያለው ይህ ሦስተኛው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በደጅ የቆመ ዛፍ ዋጋው ሳይመዘን አመድ እየሆነ ነው። በደኖ በወረዳዎች የተፈጥሮ ሀብትና የእርሻ ዕቅድ ውስጥ በስሙ ሊገባ፣ ምግብነቱም መርዛማነቱም ለአርሶ አደሩ በእኩል ሊነገር ይገባል።

ከልጣጩ እስከ አስኳሉ

የበደኖ ፍሬ አራት ክፍሎች አሉት። ከላይ ሲበስል ወደ ቢጫነት የሚያደላ ስስ ልጣጭ፣ ከእርሱ ሥር ጣፋጭና መራራ የተቀላቀለበት የሚጣብቅ ሥጋ፣ ቀጥሎ እንደ እንጨት የጠነከረ ቅርፊት፣ በመጨረሻም በዚያ ቅርፊት ውስጥ የተደበቀ ዘይታማ አስኳል አለ። እረኞችና ልጆች የሚያውቁት ሥጋውን ነው፤ እንደ ከረሜላ ይመጡትና ቀሪውን ይጥሉታል። ይሁንና ከፍሬው ክፍሎች በሥነ ምግብ ረገድ ትልቁ ዋጋ ያለው ያ የሚጣለው ውስጠኛው አስኳል ነው።

የአስኳሉ ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሮቲን ይዟል። ዘይቱ ለምግብ ማብሰያ ያገለግላል፤ ለሳሙና መሥሪያና ለሰውነት ቅባትም ይሆናል። በሱዳን ላሎብ በየገበያው ተሰፍሮ ይሸጣል። በኒጀርና በሰሜን ናይጀሪያ ሐውሳዎች አዱዋ በሚሉት በዚህ ዛፍ ፍሬ ብቻ ሳይሆን በለጋ ቅጠሉም ይጠቀማሉ፤ ቅጠሉን ቀቅለው እንደ ጎመን ይበሉታል። በዑጋንዳ ካራሞጃና ቴሶ አካባቢም ቅጠሉ የበጋ ወጥ ነው። በጥንታዊቷ ግብፅ ከሙታን ጋር በመቃብር ከተቀመጡት ምግቦች መካከል የዚህ ዛፍ ፍሬ ተገኝቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለተረሱ የአፍሪካ ፍራፍሬዎች ባወጣው መጽሐፍ በደኖን ትኩረት ከሚሹት ፍሬዎች መካከል አስፍሮታል።

ለቆላው አርሶ አደር የዛፉ ጥቅም በምግብ አያበቃም። ግመልና ፍየል ቅጠሉን ይቀጥፋሉ፤ የወደቀውን ፍሬ በጎችና ፍየሎች ይለቅሙታል። ሣር በሚጠፋበት የበጋ ወቅት አረንጓዴ ቅጠል ያለው ዛፍ ማለት ለከብት የቆመ የመኖ ክምር ማለት ነው። እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ለቀንበር፣ ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ ይመረጣል። እሾሃማው ቅርንጫፍ ለበረትና ለማሳ አጥር ይሆናል። ዛፉ በማሳ መካከል ቢቆምም ጥላው ሰብሉን እስከማቀጨጭ የሚከብድ አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ጊዜው ነው። በደኖ ድርቅን ይችላል። ማሽላው ሳያፈራ በቀረበት ዓመት፣ ሥሩን ወደ ጥልቅ የሰደደው ዛፍ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። የዝናብ መቆራረጥ በሚደጋገምበት ቆላ፣ ዘርና ማዳበሪያ ሳይጠይቅ የሚያፈራ ዛፍ የወረዳ የምግብ ዋስትና ዕቅድ ሊዘለው የሚገባ ነገር አይደለም።

መራራውና መርዙ አንድ ናቸው

የበደኖን አስኳል እንዳለ የቀመሰ ሰው ምሬቱን አይረሳም። ምሬቱን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ሲሆን፣ በእንዶድ ውስጥ ያለውና ልብስ የሚያጥበውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በበደኖ ቅርፊት፣ ሥር፣ የፍሬ ሥጋና አስኳል ውስጥ ይገኛል። ወደ ውሃ ሲገባ የዓሣውን የመተንፈሻ ስንጥብ ይጎዳል፤ ዓሣው አየር መሳብ ተስኖት ይንሳፈፋል። ቀንድ አውጣን፣ የእንቁራሪት ጫጩትንና ሌሎች ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን ይገድላል። ሰውና የቤት እንስሳት የፍሬውን ሥጋ በልተው በተለመደው መጠን አይጎዱም። ነገር ግን ቅርፊቱና ሥሩ ለሆድ ማጠቢያና ለትላትል ማስወጫ በባህል መድኃኒትነት ሲዘጋጁ መጠኑን ማንም አይለካውም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የበደኖ ቅርፊት ጭማቂ መስጠት በምንም መልኩ ሊበረታታ አይገባም።

የበደኖ ቀንድ አውጣ ገዳይነት አዲስ ግኝት አይደለም። በሱዳን ይሠራ የነበረው ሐኪም አርቺባልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሬው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለመቆጣጠር እንደሚያገለግል ጽፎ ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ተመሳሳይ ነገር በእንዶድ ተመለከቱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል።

ይህ ታሪክ ለአማራ ክልል ሩቅ አይደለም። ቢልሃርዝያ በሳንጃ፣ በጂጋ፣ በከሚሴና በሌሎችም አካባቢዎች በተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ የታየ በሽታ ነው። መስኖ በተስፋፋ ቁጥር ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ፣ ሣርና ቀንድ አውጣም አብረው ይስፋፋሉ። ሳንጃን ጨምሮ አንዳንዶቹ አካባቢዎች በደኖ የሚበቅልባቸው ቆላዎች ናቸው። እዚህ ላይ ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ «እንግዲያው ፍሬውን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ነው» የሚል ይሆናል። ይህ ግን ስህተት ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን ዓሣውንም ይገድላል። ውሃው በፈሰሰ ቁጥር መርዙ ይሄዳል፤ ከላይኛው የወንዙ ክፍልም አዲስ ቀንድ አውጣ ይወርዳል። የቢልሃርዝያ መከላከያው መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከተበከለ ውሃ መራቅና በጤና ባለሙያ የሚሰጠው የፕራዚኳንቴል ሕክምና ነው። በዕፅዋት ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ቢታሰብ እንኳ ቦታው ተመርጦ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በጤናና በግብርና ባለሙያዎች ክትትል እንጂ በየሰው ፈቃድ የሚሠራ አይደለም።

ዓሣን በዕፅዋት መርዝ ማስገር ምን እንደሚያስከትል ክልሉ ከጣና ያውቀዋል። የጣና የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዙ ውስጥ ሲጨመር የሚያልቀው የዕለቱ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ እንቁላል ተሸክሞ የመጣው የመጪው ዓመት ዓሣም ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ሀብቱን ከእንዲህ ያለ አያያዝ ለመጠበቅ ነው የወጣው። የበደኖ ቅርፊትና ፍሬም ከብርብራ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። በሽንፋ፣ በጓንግና በሌሎች የቆላ ወንዞች የሚያሰግሩ ወጣቶች ይህን ሊነገራቸው ይገባል።

አንድ ብዙም የማይታሰብ ነገር ደግሞ አለ። አስኳሉ ለምግብ የሚሆነው ምሬቱ ሲወጣ ነው። ምሬቱ የሚወጣው ደግሞ ቅርፊቱ ተሰብሮ፣ አስኳሉ በውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ እየተተካ ምሬቱ እስኪጠፋ ደጋግሞ በማፍላት ነው። ከዚያ በኋላ ደርቆ ይቆላል፣ ይወቀጣል ወይም ዘይቱ ይወጣል። ጥያቄው የተደፋው ውሃ የት ሄደ የሚለው ነው። ያ ውሃ አስኳሉን የሚያመርረውን ሳፖኒን ተሸክሞ የሚወጣ ውሃ ነው። አንዲት እናት በቤቷ ለልጆቿ ጥቂት ብታዘጋጅ ችግር አይሆንም። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ሴቶች ተደራጅተው በወንዝ ዳር ቢያፈሉና ውሃውን ወደ ወንዙ ቢለቁት፣ ዓሣውንም፣ ከታች ያለውን የከብት ማጠጫም ይነካል። ስለዚህ ውሃው ከወንዝና ከምንጭ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በደረቅ መሬት ላይ መደፋት አለበት። ይህ ቀላል መመሪያ ነው፤ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ዓሣው ከተንሳፈፈ በኋላ የሚነገር አይደለም።

መጥረቢያው ለምን በረታ

በደኖን የሚያጠፋው ድርቅ አይደለም። ዋና ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ምንጣሮና ከሰል።

በመተማና በቋራ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ በተስፋፋ ቁጥር፣ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ወዲህም የሕዝቡ ቁጥር በጨመረ መጠን የቆላው ደን ተመንጥሯል። ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ሰብል ነው፤ አርሶ አደሩም ለኑሮው ማረሱ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስወቅሰው ማሳው ሲጠረግ የዕጣን ዛፉም፣ ቁርቁራውም፣ ሁመሩም፣ በደኖውም ያለ ልዩነት አብሮ መጠረጉ ነው። በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ጥቂት በደኖ ተራርቆ ቢቀር የሚቀንሰው ሰሊጥ ትንሽ ነው፤ የሚቀረው ጥላ፣ መኖና ፍሬ ግን ለዓመታት ነው። በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከዚህ ዓይነቱ የቆላ ዕፅዋት የተረፈውን የሚጠብቅ ትልቅ ይዞታ ነው። ነገር ግን ፓርክ ብቻውን በየማሳው የቆመውን ዛፍ አያድንም።

ከሰሉ ደግሞ ፈላጊው ከተማ ነው። የበደኖ እንጨት ጠንካራ ስለሆነ ከሰሉ ረጅም ጊዜ ይነድዳል፤ እሳቱም ጭሱ አነስተኛ ነው። ይህ ጥሩ ባሕርይ ለዛፉ መጥፎ ዕድል ሆኖበታል። አዲስ አበባን ብንወስድ በአራዳና በፒያሳ፣ በቀድሞው ዶሮ ማነቂያና በመሳሰሉት ነባር ሰፈሮች ትውልድ ሁሉ ቡናውን ያፈላውና ወጡን የሠራው በከሰል ነው። የከተማ ገዢ የሚጠይቀው ከሰሉ ጠንካራ መሆኑን፣ ደቃቅ አለመብዛቱንና የማዳበሪያውን ዋጋ ነው። ከየትኛው ዛፍ ተከሰለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገዢው ስለማይጠይቅ ነጋዴው አይለይም፤ ነጋዴው ስለማይለይ ቆራጩ ለመቶ ዓመት ሊኖር የሚችለውን ዛፍ በአንድ ቀን ይጥላል። በከተማ ምድጃ ላይ ለአንድ ሳምንት የሚበቃው ከሰል በቆላው የአንድ ቤተሰብ የበጋ መኖና የክፉ ቀን ምግብ ሊሆን ይችል ነበር።

ከሰል ፈጽሞ ይቅር ማለት ለከተማውም ለአክሳዩም የማይሠራ ምክር ነው። አማራጩን ክልሉ ራሱ አሳይቷል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው እየተከሉ፣ በአራትና በአምስት ዓመት እየቆረጡ ከሰል በማምረት፣ መሬቱን መልሰው ጤፍ በመዝራት ከተፈጥሮ ደን ሳይነኩ ገቢ አግኝተዋል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ማጥቃቱ በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ እንዳለው ያስተምራል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ለከሰል የሚቆረጠው ለከሰል የተተከለው ዛፍ ነው። በደኖ የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት ከ5 እስከ 8 ዓመት ይፈልጋል። ሙሉ ምርት ላይ የሚደርሰው በ15 እና በ25 ዓመት መካከል ነው። በአራት ዓመት የሚደርስ ዛፍ እያለ የሃያ አምስት ዓመቱን ማክሰል ኪሳራ ነው።

የጃትሮፋው ትምህርት

ዛፉ ይጠበቅ ሲባል ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥም አይገባም። የኢትዮጵያ ግብርና ይህን ከቅርብ ጊዜ ታሪኩ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማት ስትራቴጂ ከወጣ በኋላ ጃትሮፋና ጉሎ የነዳጅ ምንጭ ይሆናሉ ተብሎ ብዙ ተነግሮላቸው ነበር። በባቲና በሌሎችም አካባቢዎች ጃትሮፋ ለአጥርና ለእርከን ማጠናከሪያ የታወቀ ተክል ነው፤ ዘሩ መርዛማ በመሆኑ ለምግብ አይሆንም። ምርቱና ገበያው ግን የተባለውን ያህል አልሆኑም፤ ብዙ ፕሮጀክቶች በጅምር ቀሩ። የተጎዳው ተስፋ ተሰጥቶት መሬቱን የሰጠው አርሶ አደር ነው።

ስለዚህ የበደኖ ስሌት ከመጀመሪያው በግልጽ ይቀመጥ። ከፍሬው ክብደት ውስጥ አስኳሉ ከ8 እስከ 12 በመቶ ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ጠንካራው ቅርፊት ነው። ይህም ማለት ከ1 ኩንታል ደረቅ ፍሬ የሚገኘው አስኳል 10 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከእርሱም ሊወጣ የሚችለው ዘይት ቢበዛ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ነው። በእጅ ሲሠራ ከዚህም ያንሳል። ጥሩ የሚያፈራ ትልቅ ዛፍ በዓመት 1 ኩንታልና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁሉም ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ቅርፊቱን በድንጋይ እየሰበሩ አስኳል ማውጣት አድካሚ ሥራ ነው፤ ሸክሙም የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። ቀላል የመስበሪያ መሣሪያ ሳይቀርብ ሴቶችን «ተደራጁና ዘይት አውጡ» ማለት ድካም መጨመር እንጂ ገቢ መፍጠር አይሆንም።

ስሌቱ የሚያሳየው በደኖ ባለጠጋ የሚያደርግ ሰብል አለመሆኑን ነው። ነገር ግን እንደ ሰብልም አያስወጣም። አይታረስለትም፣ ዘር አይገዛለትም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ጥቅሙ ሲደመር ፍሬው፣ መኖው፣ እንጨቱ፣ አጥሩና ጥላው በአንድ ላይ ነው የሚቆጠረው። ዛፉን በአንድ ጥቅም ብቻ መመዘን ከሰሉን ብቻ ከመመዘን አይሻልም።

ምን ይደረግ

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። ቆላማ ቀበሌዎች ያሏቸው ወረዳዎች በማሳ፣ በግጦሽና በወል መሬት ላይ የቆሙትን በደኖዎች በልማት ሠራተኞቻቸው አማካይነት ሊመዘግቡ ይችላሉ። ይህ የተለየ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ስንት ዛፍ እንዳለ ያላወቀ ወረዳ ስንት እንደጠፋ አያውቅም።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ይለያል። በወል መሬት ላይ ያለ በደኖ የማንም ስላልሆነ የሁሉም መጥረቢያ ያርፍበታል። ቀበሌው ዛፎቹን ለተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች በውል ቢሰጥ፣ ፍሬውን የመልቀም መብትና ዛፉን የመጠበቅ ግዴታ አንድ ላይ ይመጣሉ። በማሳው ውስጥ ያለውን ዛፍ ያቆየ አርሶ አደርም ፍሬውና ቅርንጫፉ የራሱ መሆኑ ሊረጋገጥለት ይገባል። ጥቅሙ የእርሱ ካልሆነ ጥበቃውም የእርሱ አይሆንም።

ሦስተኛው ማብዛት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ፣ የቆላ ወረዳ ችግኝ ጣቢያዎች ከደጋ የመጣን ዝርያ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ዛፍ ሊያፈሉ ይገባል። የበደኖ ዘር አስቸጋሪ አይደለም። የፍሬው ሥጋ ታጥቦ ከተነሳለት በኋላ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ፍየልና በግ በልተው የተፉት ወይም ከፋንድያቸው የተለቀመ ዘር ቶሎ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከበረት ዘር መልቀም ርካሽና ጥሩ ዘዴ ነው። ዛፉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ቢያንስ ለ3 ዓመት ከልቅ ግጦሽ ካልተጠበቀ ፍየል ይጨርሰዋል። እሾሁ ራሱን የሚከላከለው ካደገ በኋላ ነው። ከመትከልም በላይ ቀላሉ ግን ራሱ የበቀለውን አለመንቀል ነው። በማሳ ዳርና በእርከን ላይ የበቀለችውን ለጋ በደኖ ምልክት አድርጎ ማለፍ ከአንድ መቶ ችግኝ ተከላ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

አራተኛው ማስተማር ነው፤ ይህም ሁለቱን ፊት አንድ ላይ ይይዛል። የልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ መድረክ ቀርበው ይህን ይንገሩ። የፍሬው ሥጋ ይበላል። አስኳሉ የሚበላው በተደጋጋሚ ተቀቅሎ ምሬቱ ሲወጣ ብቻ ነው። የተቀቀለበት ውሃ ወንዝና ምንጭ ውስጥ አይደፋም። ቅርፊቱና ሥሩ ያለ ባለሙያ ምክር እንደ መድኃኒት አይጠጣም። በፍሬውም ሆነ በቅርፊቱ ዓሣ አይሰገርም። አምስት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ይነገራሉ።

አምስተኛው ገበያ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከላትና ዩኒቨርሲቲዎች የዱር ፍሬን ጥናት ከመደርደሪያ አውርደው ወደ መስበሪያ መሣሪያና ወደ ዘይት መጭመቂያ ሊያወርዱት ይገባል። ቁርቁራ በገጠር ገበያ ተሰፍሮ እንደሚሸጠው ሁሉ የበደኖ ፍሬም ሊሸጥ የማይችልበት ምክንያት የለም። በድንበር ማዶ በሱዳን የለመደ ገዢ አለው። ሥራው ግን በትንሹ ተሞክሮ፣ ዋጋው ታይቶ፣ ከዚያ ይስፋ። ዘመቻ ከገበያ ከቀደመ የጃትሮፋው ታሪክ ይደገማል።

አርሶ አደሩም የራሱ ድርሻ አለው። ማሳ ሲጠረግ የትኛው ዛፍ ይቅር የሚለውን የሚወስነው መጥረቢያ የያዘው እርሱ ነው። በሚቀጥለው ምንጣሮ በማሳው ውስጥ ያለውን ትልቅ በደኖ ከመጣሉ በፊት፣ ዛፉ የሚሰጠውን የአንድ ዓመት ፍሬ፣ የበጋ መኖና ጥላ ከከሰሉ ዋጋ ጋር ያመዛዝን። ከሰሉ አንዴ ተሸጦ ያልቃል፤ ዛፉ ግን በየዓመቱ ይከፍላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የሀገሬው ሰው። የቆላው በደኖ ገና አላለቀም፤ በየማሳው ዳር፣ በየበረቱ አጠገብ፣ በየወንዙ አፋፍ ጥቂት ጥቂት ቆሞ ይታያል። ወረዳዎች መቁጠር መጀመር ያለባቸው ዛፉ ገና በሚቆጠርበት በዚህ ጊዜ ነው።